ደም ግፊትንና ስኳር በሽታን በአካባቢያችን በጋራ መከላከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በጤና ጣቢያ ግቢ፣ በእድር ስብሰባና በቤተሰብ መካከል ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ሲወራ ዘወትር የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ አጠቃላይ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ስለ ራሱ መድኃኒትና መጠን መነጋገር ያለበት ከሚከታተለው የጤና ባለሙያ ጋር ነው።

ሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? የሀብታም በሽታ ናቸው የሚባለውስ እውነት ነው?

ሥር የሰደዱ የሚባሉት ቀስ ብለው የሚጀምሩ፣ ለዓመታት ወይም ለዕድሜ ልክ የሚቆዩና የማያቋርጥ ክትትል የሚሹ በሽታዎች ናቸው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ አስም፣ ካንሰርና የሚጥል በሽታ ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። እዚህ የምንነጋገረው በተለይ ስለ ሁለቱ፣ ማለትም ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም በቀላል መሣሪያ ሊታወቁ የሚችሉ ሆነው ሳለ ብዙ ሰው ስትሮክ፣ የኩላሊት ድካም ወይም የዓይን ብርሃን ማጣት ከደረሰበት በኋላ ብቻ የሚያውቃቸው በሽታዎች ናቸው።

የሀብታም በሽታ ናቸው የሚለው አነጋገር እጅግ ጎጂ ስሕተት ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ 6 ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳላቸው አሳይቷል። በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት የተደረገው ክትትልም ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ በቀጫጭንና በችግር ባደጉ ገበሬዎች ላይ ጭምር እንደሚገኝ መዝግቧል። «እኔ ውፍረት የለኝም፣ ጠግቤም አልበላ፤ ስኳር ከየት ይመጣብኛል?» ብሎ ምርመራን የሚያዘገይ ሰው የሚጎዳው በዚህ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው።

ሐኪም እያለ ጎረቤት፣ እድርና የሃይማኖት አባት ምን ያገባቸዋል?

አንድ የደም ግፊት ሕመምተኛ በየወሩ ሳያጓድል ቀጠሮውን ቢያከብርና በእያንዳንዱ ቀጠሮ ለሩብ ሰዓት ከባለሙያ ፊት ቢቀመጥ እንኳ፣ በዓመት ውስጥ ከሕክምና ጋር የሚገናኘው ለ3 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረውን ዓመት በሙሉ የሚኖረው በቤቱ፣ በእርሻው፣ በገበያውና በቤተ እምነቱ ነው። ወጡ ውስጥ የሚገባውን ጨው የሚወስነው ወጡን የሚሠራው ሰው ነው፤ መድኃኒት ሲያልቅ ገንዘብ የሚሰጠው የቤቱን ወጪ የያዘው ሰው ነው፤ «ደኅና ነህ እኮ፣ ምን መድኃኒት ያስውጥሃል?» ብሎ የሚያዘናጋው ወይም «ዛሬ ቀጠሮህ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚያስታውሰው ደግሞ ጎረቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ያልገቡበት ክትትል ባለሙያው የቱንም ያህል ቢተጋ የሚዘልቅ አይሆንም።

የጋራ እንክብካቤ ሲባል በተግባር ማን ምን ይሠራል?

የአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የተዋቀረው በቅብብሎሽ ነው። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ አምስት ጤና ኬላዎችን የሚደግፍ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛል። በጤና ኬላ የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ በእናቶችና በሕፃናት ጤና፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ ኋላ ግን ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችም ከሥራ ድርሻቸው ውስጥ ገብተዋል።

ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትሄድ ማን መለካት እንዳለበት ትለያለች፣ ታስተምራለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በጤና ጣቢያው ነርሷ ትለካለች፣ ትመዘግባለች፤ የጤና መኮንኑ ሕመሙን ያረጋግጣል፣ መድኃኒት ይጀምራል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ስኳሩንና የኩላሊቱን ሁኔታ ይመረምራል፤ ፋርማሲስቷ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ታስረዳለች። የተወሳሰበ ሁኔታ ያለበት ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሐኪም ይላካል።

በወረቀት ላይ ይህ የተሟላ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ነው። ባለሙያዋ የላከችው ሰው ጤና ጣቢያ መድረሱን የሚነግራት ከሌለ፣ ሆስፒታሉ የለወጠውን መድኃኒት ጤና ጣቢያው ካላወቀ፣ ቀጠሮ የቀረውን ሰው ስም ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ካልተገኘ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ሥራ በትጋት ሠርቶም ሕመምተኛው በመካከል ይጠፋል። ስለዚህ የጋራ እንክብካቤ ማለት ብዙ ባለሙያ ማሰባሰብ ብቻ ሳይሆን፣ «ከእኔ በኋላ ይህን ሰው የሚረከበው ማን ነው? መረከቡንስ በምን አውቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ በየደረጃው መልስ ያገኘበት አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ ላይ የሚላክ ወረቀት እንዳለ ሁሉ ወደ ታች የሚመለስ ወረቀትም ሊኖር ይገባል።

ይህ አሠራር በአገራችን ተሞክሮ ያውቃል ወይስ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው?

ተሞክሯል፤ ያውም ከብዙዎች ቀድሞ። በደምቢያ በርካታ ሺህ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ከተከሰተ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገና ከመነሻው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ ያሠለጠነው፣ ተመርቀው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ከተለያየ የጤና ትምህርት ዘርፍ የተውጣጡ ተማሪዎች አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው፣ የአካባቢውን ችግር አጥንተው መፍትሔ የሚሞክሩበት የቡድን ሥልጠናም የዚያ ትምህርት ቤት መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ሥር የሰደዱ በሽታዎችን በተመለከተም ጎንደርና ጅማ የሚያኮራ ልምድ አላቸው። ኢንሱሊን ለመቀበል ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለማግኘት ረጅም መንገድ በእግር ይጓዙ የነበሩ የገጠር ሕመምተኞች፣ በሚቀርባቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች እንዲታዩ ተደረገ፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ደግሞ ድጋፍና ክትትል ያደርጉ ነበር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ክትትሉ ወደ ሰው ሲቀርብ ሰው ክትትሉን አያቋርጥም።

ሁለተኛው ትልቅ ልምድ የመጣው ከኤች አይ ቪ ሕክምና ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ለዕድሜ ልክ የሚወሰድን መድኃኒት በጤና ጣቢያ ደረጃ መከታተል ይቻላል ብሎ የሚያምን ብዙ አልነበረም። በነርሶች የሚመራ ክትትል፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች እንደ አማካሪ የሚሠሩበት መንገድና ቀጠሮ የቀረን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ ግን እንደሚቻል አሳዩ። ለኤች አይ ቪ የተዘረጋው ይህ ሁሉ ለደም ግፊትና ለስኳር በተመሳሳይ ጥንካሬ አለመዘርጋቱ የሚያስቆጭ ነው።

ምንም ሳያመኝ ለምን እለካለሁ?

ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ራስ ምታትን እየጠበቀ «ሲያመኝ እለካለሁ» የሚል ሰው ሊዘገይ ይችላል። አዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ስትሮክ፣ ስኳርና የኩላሊት ሕመም የታየበት ሰው፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ መልካም ነው።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ፤ ሽንትዎን ሸንተው ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ጀርባዎ ተደግፎ፣ እግሮችዎ ሳይነባበሩ መሬት ረግጠው፣ ክንድዎ በልብ ትክክል ከፍታ ላይ ያርፍ፤ መለኪያው በወፍራም ልብስ ላይ አይታሰር። ዳገት ወጥቶ፣ ወረፋ ላይ ተጋፍቶ ወዲያው የተለካ ሰው ውጤቱ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ጥቂት ቆይቶ በድጋሚ መለካት ያስፈልጋል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ደም ግፊት አለ ይባላል። ከሌሊት ጾም በኋላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ ስኳር በሽታ ነው።

ጨው የምቀንሰው እንዴት ነው? ወጡ አልጫ ሆኖ አይቀርም?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም በአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ የማይሞላ ጨው ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ2007ቱ ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ ፍጆታ ከ8 ግራም በላይ እንደሆነ ገምቷል። ይህ ጨው የሚመጣው ከፋብሪካ ምግብ ሳይሆን በአመዛኙ ከገዛ ማድቤታችን ነው፤ በርበሬው ሲደለዝ ይገባል፣ ሚጥን ሽሮው ውስጥ ይገባል፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ አዋዜው ላይ አለ፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም ጨው ይነካዋል።

ስለዚህ «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ብቻውን በቂ አይደለም፤ የት እንደሚቀነስ መነጋገር ያስፈልጋል። ከሁሉ የተሻለው መነሻ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው አለመጨመር ነው፤ ቀድሞ የተቀላቀለ ጨው ሊለካም ሊቀነስም አይችልም። ወጡ ላይ የሚጨመረውን በእፍኝ ወይም በግምት ከመጨመር ይልቅ በማንኪያ እየለኩ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ምላስን ያለማምዳል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሎሚም ጣዕሙን ያካክሳሉ። ለሕመምተኛው ብቻ የተለየ ድስት መጣድ ግን አይመከርም። አንደኛ ሰውየውን ያገላል፣ ሁለተኛ ደግሞ ቅነሳው ለመላው ቤተሰብ ይጠቅማል። የሚጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ መጠኑ ቀነሰ ማለት አዮዲኑ ይቅር ማለት አይደለም።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እንጀራ ይከለከላል?

አይከለከልም። የሚታየው መጠኑና አብሮት የሚበላው ነው፤ እንጀራው አነስ ብሎ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ሌላው አትክልት ሲበዛ የደም ስኳር ከመጠን በላይ አይወጣም። በጥብቅ መቀነስ ያለባቸው ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጮች ናቸው።

በጾም ወቅትስ?

ይህ ከሃይማኖት አባቶች ጋር አብሮ መሥራት ግድ የሚሆንበት ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማፍጠሪያ ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ እጅግ ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታትና ግራ መጋባት ሲታይ ወዲያውኑ ስኳር ያለበት ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ጾሙ እንደሚቀልለት፣ በእስልምናም ታማሚ ረመዳንን አለመጾም እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ፈቃድ ለመጠየቅ ያፍራል። የንስሐ አባቱ ወይም የመስጊዱ ኢማም አስቀድመው ቢናገሩ ኀፍረቱ ይነሣል። መጾም የሚፈልግና ሁኔታው የሚፈቅድለት ሰውም ከጾሙ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የመድኃኒት ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክል እንጂ በራሱ አይለውጥ።

ጸበል ስጠመቅ መድኃኒቱን ማቋረጥ አለብኝ?

የለብዎትም። በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግልጽ አርአያ አላት፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል። ይኸው ለደም ግፊትና ለስኳርም ይሠራል። ኢንሱሊንን በድንገት ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ከስንቁ ጋር ይያዝ፤ በየጸበሉ የሚያገለግሉ አባቶችም «መድኃኒትህን ይዘሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ሰው ያተርፋሉ።

ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌሎች የባህል መድኃኒቶችን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ለባለሙያው ሳይደብቅ ይንገር። ባለሙያውም ሳይቆጣ ይስማ፤ ተግሣጽ የፈራ ሕመምተኛ ይደብቃል፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጭ አይጋጭ ማወቅ አይቻልም።

ግፊቴ ተስተካክሏል፤ መድኃኒቱን ላቁም?

ቁጥሩ የተስተካከለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ክብደት በመቀነስና አመጋገብ በማስተካከል መጠኑ ሊቀነስ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚወስነው ግን የሚከታተልዎ ባለሙያ ነው።

እድራችን ምን ማድረግ ይችላል?

ብዙ። እድር ሰው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡን የሚያጽናና ተቋም ሆኖ ኖሯል፤ በሕይወት ሳለ ደግሞ ሊጠብቀው የሚችልበት አቅም አለው። አባላቱን በስም ያውቃል፣ በየወሩ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይጠይቃል። ማንም የጤና ተቋም እነዚህን ሦስቱን በአንድነት የለውም።

ከጤና ጣቢያው ጋር በመነጋገር በወርኃዊው ስብሰባ ቀን ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ አባላትን እንድትለካ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፦ መላክ የሌለበት ልኬት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንደሚቀበለው ሳይታወቅ የሚደረግ የአንድ ቀን ዘመቻ ሰውን አስደንግጦ ከመበተን አያልፍም። ስለዚህ ከልኬቱ ቀን በፊት ከጤና ጣቢያው ጋር ቀን ይቆረጥ፤ የተላኩት ሰዎች መድረሳቸውም በቀጣዩ ወር ይጣራ።

ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው። ልኬቱ ከሰው ዓይን ገለል ባለ ቦታ ይደረግ፤ ውጤቱ ለባለቤቱ ብቻ ይነገር፤ በእድሩ መዝገብ ላይ የማንም የበሽታ ስም አይጻፍ። ቀጠሮ እንዲታወስለት የሚፈልግ አባል ራሱ የሚያምነውን አንድ ሰው ይምረጥ።

ከዚህም ሌላ እድሩ የአቅመ ደካማ አባላትን የጤና መድን መዋጮ መሸፈን፣ በልቅሶ ቤት የሚቀርበው ምግብ ጨው እንዳይበዛበት ማድረግ ይችላል። በጋራ ለጤና መነሣት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ሰፈርን በኅብረት ማጽዳትና ቆሻሻ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ዘልቋል።

ወጪውን እንዴት እችለዋለሁ?

በገጠርና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦችም በመንግሥት ይሸፈናሉ። በየወሩ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ አባልነት ትልቅ እፎይታ ነው። መድኃኒት በተቋሙ ሲያልቅ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ ስለዚህ መድኃኒትዎ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስቀድመው ይጠይቁ።

ትምባሆና አልኮልን በተመለከተ ሕግ አለ?

አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፣ የሲጋራ ፓኮዎች ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ትምባሆና አልኮል እንዳይሸጥ ያዛል። ሕጉ የሚከበረው ባለ ሱቁና ባለ ምግብ ቤቱ ሲያከብሩት ነውና የቀበሌ ውይይት አጀንዳ ሊሆን ይገባዋል።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችንን ይህ ጉዳይ ይመለከታቸዋል?

በጣም። በተለይ ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። ሲደርሱ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም የማይታይ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን በፍጥነት ጨመረ። በእግር መሄድ ቀረ፤ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ በዛ፤ ሐኪሙና ሕመምተኛውም በቋንቋና በሕመም አረዳድ አልተግባቡም። ለዚህ ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ቴኔ ብሪኡት የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎች ከሐኪሞች ጋር ሆነው በአማርኛ የጤና ትምህርት እንዲሰጡ አድርጓል። በሌሎች አገሮች ያላችሁም ወላጆቻችሁን ወደ ሐኪም ስትወስዱ ልጅ ብቻውን አስተርጓሚ እንዳይሆን አደራ፤ ወላጅ በልጁ ፊት የማይናገረው ሕመም አለ።

ቀጠሮ የቀረ ሰው ሲመለስ ምን ይደረግለታል?

ብዙ ሰው ቀጠሮ ካለፈበት በኋላ የማይመለሰው ቁጣ ፈርቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል «የት ጠፍተው ነበር?» ሳይሆን «እንኳን ደኅና መጡ» ይሁን። ከዚያ ይለካ፤ ለምን እንደቀረ በእርጋታ ይጠየቅ። የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ ከሆነ ክትትሉ ወደሚቀርበው ተቋም ይዛወር፤ የእርሻ ሥራ በዝቶበት ከሆነ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ይገጣጠም፤ መድኃኒቱ አስቸግሮት ከሆነ በሌላ ይለወጥ። ሲሄድም አዲሱ ቀን በካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ፈቃዱ ከሆነ የሚያስታውሰው ሰው ስልክ ቁጥር በተቋሙ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በቀኑ ካልመጣም በዚያው ሳምንት ይደወልለት።